ሽለላና ሳክስፎን፤ ባህልን በሣጥን ለሚቈልፉ ሁሉ

«ባህላችንን እንጠብቅ» የሚለው ቃል ዛሬ ከሁሉ ሰው አፍ ይሰማል። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ነገር ግን መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ ሁለት ነው። እረኛ በጎቹን ይጠብቃል፤ የመቃብር ዘበኛም መቃብሩን ይጠብቃል። እረኛው የሚጠብቃቸው በጎች ይሰማራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይበዛሉ፤ ዘበኛው የሚጠብቀው ግን አንድ ጊዜ ከተኛ በኋላ አይነሣም። ስለ ሙዚቃችን ጥበቃ የሚናገሩትን ሰዎች ባዳመጥሁ ቍጥር ከእረኛው ወገን ይልቅ የዘበኛው ወገን በዝቶ አገኘዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

የክርክሬ መነሻ አንድ አልበም ነው። በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አቶ ጌታቸው መኩሪያ፣ ታላቁ የሳክስፎን ተጫዋች፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሙዚቃ ጓድ ጋር ሆነው «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባውን አልፎ ነበር። ይዘው የቀረቡትም በወጣትነታቸውና በጐልማሳነታቸው ዘመን በአዲስ አበባ መድረኮች ይሰሙ የነበሩትን ዜማዎች ነበር፤ ከእነዚህም መካከል «ቼ በለው» የሚለው ሽለላ ይገኛል። ከበስተ ኋላቸው ግን የቀድሞው የቴአትር ቤት ኦርኬስትራ አልነበረም፤ ኀይለኛ ጊታሮች፣ ከበሮና የእስትንፋስ መሣሪያዎች ነበሩ። ስለዚህ አልበም የሚነሣው ክርክር በአገራችን ገና አልተቋጨም። አንደኛው ወገን «ሽለላችንን ለፈረንጅ ጩኸት አሳልፈው ሰጡት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እነሆ ኢትዮጵያም ዘመናዊ ጃዝ አላት» እያለ ይመካል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች አልበሙን አልሰሙትም እላለሁ። የመጀመሪያው መሣሪያውን አየ፤ ሁለተኛው የሸክላውን ልባስ አየ፤ ዜማውን ያዳመጠ ግን ጥቂት ነው።

ሰውየው ማን እንደ ነበሩ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ መንገር ይገባል። አቶ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው መጀመሪያ የያዙት ሳክስፎን አልነበረም፤ ክራርና ማሲንቆ ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ገቡ፤ ክላርኔትና ሳክስፎንም ለመዱ። በ1955 በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ኦርኬስትራ ተሰለፉ። በ1965 ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ስማቸውን ከሁሉ ያስነሣው ግን ፎካሪ በድምፁ የሚያወርደውን ሽለላ ከቃል ለይተው በሳክስፎን ማውረዳቸው ነው። በመድረክ ላይ የጀግና ልብስና የአንበሳ ጐፈር ለብሰው ይቆሙ ነበር። በ1972 በፊሊፕስ ኩባንያ የወጣው ሸክላቸው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ትርጕም ያለው ርእስ ነበረው። በ2016 እስካረፉ ድረስ ከዚህ መንገድ ፈቀቅ አላሉም።

እንግዲህ ይህን ሰው «ለፈረንጅ ጩኸት አሳልፎ ሰጠ» ብሎ የሚከስ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ። የተሰጠው ምንድን ነው? የተቀበለውስ ማን ነው? በዚያ አልበም ውስጥ ሆላንዳውያኑ ወደ ሽለላው መጡ እንጂ ሽለላው ወደ ሆላንድ አልሄደም። ጊታሩ የሚመታው የሳክስፎኑን ትንፋሽ እየጠበቀ ነው፤ ዜማው ሲንር ይንራል፣ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲያርፍም ያርፋል። ጌታው ዜማው ነው፤ ጊታሩ አጃቢ ነው። ይህን ከመሸነፍ የሚቈጥር ሰው ድል ምን እንደሚመስል ሊነግረን ይገባል።

ወደ ኋላ ተመልሶ የቀድሞውን ሙዚቃ እንደ ገና ማንሣት በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በ1940ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ ቢቦፕ የተባለው የጃዝ ስልት ተወለደ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ቻርሊ ፓርከር የተባለ የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ይህ ሰው በ1945 «ኮ ኮ» የተባለውን ዝነኛ ጨዋታ በሸክላ ሲያስቀርጽ መሠረቱን የወሰደው ሬይ ኖብል የተባለው እንግሊዛዊ በ1938 ከደረሰው «ቼሮኪ» ከተባለው ዘፈን ነበር። የዘፈኑን ስልተ ድምፅ እንደ መሠረት ድንጋይ ተጠቀመበት፤ በላዩ ላይ ግን ፍጹም አዲስ ቤት ሠራ። ፓርከር በ34 ዓመቱ በ1955 ሞተ። ያ ዓመት አቶ ጌታቸው ወደ ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ የገቡበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ፓርከር ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ከህንድ ወላጆች የተወለደው አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ሩድሬሽ ማሃንታፓ «በርድ ኮልስ» የተባለ አልበም አወጣ። አልበሙ በሙሉ ለፓርከር መታሰቢያ ነው፤ ሆኖም ከፓርከር ድርሰቶች አንዱን እንኳ እንዳለ አልደገመም። ከእያንዳንዱ ቍራጭ ዜማ ወስዶ፣ ዘርቶ፣ አብቅሎ የራሱን አደረገው። ለታላቅ ሰው የሚሰጠው ክብር እንዲህ ያለው ነው። በአንጻሩ ደግሞ በየአገሩ የፓርከርን ሸክላ ድምፅ በድምፅ እየቀዱ የሚጫወቱ አሉ፤ ጣታቸው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሲጨርሱ አድማጩ ወደ ቤቱ ሄዶ የፓርከርን ሸክላ ቢሰማ ይሻለዋል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? አንደኛው መምህሩን ወረሰ፤ ሌላው መምህሩን ቀዳ። ወራሽ ርስቱን ያርሳል፤ ቀጂ ግን እንስራው እስኪሞላ ብቻ ይቆያል።

አቶ ጌታቸው ግን ከማሃንታፓም የሚለዩበት ነገር አለ። እርሱ የሌላውን ሰው ዘመን ተመለከተ፤ እርሳቸው ግን በ70 ዓመት ዕድሜ ላይ ሆነው የገዛ ራሳቸውን ወጣትነት እንደ ገና አነሡ፤ አንሥተውም አላስታመሙትም፤ ወደ አዲስ ጦር ሜዳ ሰደዱት። ይህ ድፍረት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው በሸመገለ ጊዜ የሚፈልገው የቀድሞው ጭብጨባ እንዲደገምለት ብቻ ነውና።

አሁን የከሳሾቹን ቃል አንድ በአንድ እንመርምር። የመጀመሪያው ክስ «ሳክስፎን የባዕድ መሣሪያ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ተወላጅ በ1846 በፓሪስ የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ነው። በዚያው ዘመን ወደ ጦር ሠራዊት የማርሽ ባንዶች የገባ፣ ለሰልፍና ለውጊያ ያገለገለ የነሐስ ቀንድ ነው። ታዲያ ለጦር ሰልፍ ያገለገለ መሣሪያ የጦር ሜዳ ዜማ የሆነውን ሽለላ ቢሸከም ምን ያስደንቃል? ከአባያና ከአብራሪ ይልቅ ሁለት ፎካሪዎች ተገናኙ ማለት ይቀላል። የምንመካበት ማሲንቆም ቢሆን ዘመዶች አሉት፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ረባብ የሚባል ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ይገኛል። ማሲንቆን የእኛ ያደረገው የአዝማሪው ጣት፣ ጆሮና አንደበት ነው እንጂ የፈረስ ጭራው አይደለም። ፈረስ በየአገሩ አለና።

ይልቁንም ይህን ክስ በደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ መናገር ለሰሚው ይከብዳል። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ዓመታት በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከአገር ልጆች ጋር አሰባስበው፣ በውድም በግድም አሠርተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስቀለጡ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። ያን ግዙፍ ነሐስ የጎተተው፣ ገደሉን ጥሶ መቅደላ ያደረሰው የኢትዮጵያ ሕዝብ ትከሻ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሴባስቶፖልን «የፈረንጅ መድፍ» ብሎ የሚጠራ ኢትዮጵያዊ ሰምቼ አላውቅም። ጥበቡ ከውጭ መጣ፤ አሳቡ፣ ላቡና ትርጕሙ ግን የእኛ ሆነ። 7 ቶን ነሐስ የእኛ ሊሆን ከቻለ በአንገት የሚንጠለጠል ነሐስ የእኛ እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። «አባቶቻችን ያቆዩንን ሥርዐት መለወጥ አይገባም» ይላሉ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከአገራችን ከደቡብ ጎንደር ርቀን አንሄድም። አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ሊቃውንቱ ግን በአቋቋማቸው ያውቋቸዋል። የፎገራው ተወላጅ አለቃ የጣናን ማዕበል ውዝዋዜና የሸምበቆውን ዘንበል ቀና ማለት እየተመለከቱ አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ነገር አንቀበልም አሉ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ይዞት መጣ፤ እዚህም ተቀባይነት አገኘ ይባላል። ዛሬ «የተክሌ ዝማሜ» ወይም «የተክሌ አቋቋም» እየተባለ በክብር ይጠራል፤ በከበሮና በጸናጽል የሚያምረው ያ ውዝዋዜ የጥንት ሥርዐታችን አካል ሆኗል። ከከተማችን መኩሪያዎች አንዱ የዚያ ዝማሜ ቤት መሆናችን ነው። እንግዲህ ትናንት ጎንደር የገፋችውን አዲስ ነገር ተቀብላ ያሳደገችው ደብረ ታቦር ዛሬ በተራዋ ገፊ ልትሆን ይገባታልን?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። አለቃ ገብረ ሐና አዲሱን ዝማሜ ያወጡት አሮጌውን ስላላወቁ አይደለም፤ ጠንቅቀው ስላወቁ ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓን የሚያስመሰክር ተማሪ፣ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማር ተማሪ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቍራሽ እየለመነ፣ በቅዝቃዜ እየተቀጣ፣ ዜማውን በአንደበቱና በአጥንቱ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ የሚጨምር ቢጨምር ጭማሪው ከግንዱ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። አቶ ጌታቸውም ይህንኑ መንገድ ተጕዘዋል። ሳክስፎናቸው ከመናገሩ በፊት ጣቶቻቸው በማሲንቆና በክራር አልፈዋል። ስለዚህ ነው ድምፁ የሚንቀጠቀጠው፣ ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ሲሻገር የሚለመጠው፣ እንደ ፎካሪ ጕሮሮ የሚሻክረው። ያ ሳክስፎን ማሲንቆ ሲያዳምጥ ያደገ ሳክስፎን ነው።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ የበረታው ነው፤ በእውነትም ሊመረመር ይገባዋል። «የሽለላ ነፍሱ ግጥሙ ነው። ፎካሪው የአባቱን ስም ይጠራል፣ የፈጸመውን ጀብዱ ይቈጥራል፣ ፈሪውን በቃል ይገርፋል። ቃሉን ካወጣችሁለት የቀረው ጩኸት ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሽለላ ግጥም የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ማን በየት እንደ ዋለ፣ ማን እንደ ሸሸ፣ ማን ማንን እንደ ካሰ በውስጡ ተጽፏል። ሳክስፎን ይህን መዝገብ ሊተካ አይችልም፤ እተካለሁም አላለም። ነገር ግን ሽለላ ቃል ብቻ አይደለም። ፎካሪው ከመናገሩ በፊት ሰውነቱ ይነሣል፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ አድማጩ ቃሉን ሳይለይ ደሙ ይሞቃል። ከሩቅ ጋራ ላይ የሚሸልል ሰው ስንሰማ ቃሉ አይደርሰንም፤ ዜማው ግን ይደርሰናል፤ ሽለላ መሆኑንም ወዲያው እናውቃለን። አቶ ጌታቸው በነሐስ የያዙት ያን ከሩቅ የሚደርሰውን ነገር ነው።

ከዚህም በላይ የምለው አለኝ። አገራችን ደጋውም ቈላውም በተደጋጋሚ ጦርነት የተጐዳ አገር ነው፤ ሐዘን ያልገባበት ቤት አይገኝም። የሽለላ ቃል በተገቢው ጊዜ አገርን አድኗል፤ ባልተገባ ጊዜ ግን ወንድምን በወንድም ላይ አነሣስቷል፤ የጐረቤትን ስም ጠርቶ ቂም አድሷል። ቃል የሌለው ሽለላ ግን የማንንም ስም አይጠራም፤ ማንንም ግደል አይልም። ወኔው አለ፤ ጠላቱ የለም። እሳቱ ይሞቃል፤ ጎጆ አያቃጥልም። ሽለላን ለልጆቻችን ያለ ደም ማውረስ የሚቻልበት አንድ መንገድ ቢኖር ይህ ነው። ግጥሙን በመጽሐፍና በድምፅ መዝገብ እናኑር፣ ልጆችም ታሪኩን ይማሩበት፤ ወኔውን ግን ወደ ጥበብ እንምራው። ይህን ጥቅም አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ስለ ባህል ሲናገር ስለ ልማዱ ብቻ መናገሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ፤ ዘመናውያን ነን ወደሚሉት። እነዚህ ሰዎች ስለ አቶ ጌታቸው የሚያውቁትን ያወቁት ከፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ተቺዎች ድምፃቸውን በሰሙ ጊዜ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሯቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጃዝን ገደብ የጣሱ አሜሪካውያን ናቸው። ንጽጽሩ ለክብር የተባለ ነው። የእኛ ዘመናውያን ግን ንጽጽሩን እንደ ጥምቀት ቈጠሩት፤ ሰውየው ታላቅ የሆኑት አሜሪካዊ ስለሚመስሉ ነው ብለው ያዙት። አቶ ጌታቸው ግን ያን ድምፅ ለማግኘት አትላንቲክን አልተሻገሩም፤ የፎካሪን ጕሮሮ አዳመጡ እንጂ። ሁለት ሰዎች ከሁለት ተራራ ወርደው በአንድ ሸለቆ ቢገናኙ አንደኛው የሌላው ልጅ ነው አይባልም።

ከእነዚህ ዘመናውያን መካከል የቢቦፕን ስልት በጣታቸው አሳምረው የሚያውቁ፣ ነገር ግን አንቺ ሆዬንና ባቲን በጆሮ የማይለዩ ወጣቶች አሉ። ትዝታን ያውቃሉ፤ እርሱንም የሚያውቁት በሆቴል ውስጥ እንደሚቀርብ ቅመም ነው። ከላይ አምስቱን ድምፆች ይነሰንሱበታል፤ ከሥር ያለው ወጥ ግን ከሌላ ድስት የመጣ ነው። ጃዝን መማር ነውር አይደለም፤ የከበረ ትምህርት ነው። አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ባህር ማዶ ተምረው ተመለሱ፤ ከተመለሱ በኋላ ግን የአገራቸውን ቅኝት ፈለጉ፤ ስለዚህም ነው ኢትዮ ጃዝ የሚለው ስም ትርጕም ያገኘው። የቻርሊ ፓርከርን ድርሰት ያጠና የደብረ ታቦር ልጅ የማሲንቆውን መምህር ደጃፍ ካልረገጠ ግን የተማረው የትምህርቱን ግማሽ ነው። ፓርከር ራሱ የሰፈሩን ብሉዝ ሳያውቅ ፓርከር አልሆነምና።

ስለ ድምፅ መዝገቦቻችንም አንድ ነገር ላንሣ። የአቶ ጌታቸው የቀድሞ ሸክላዎች እንደ ገና ለዓለም የተሰሙት በ2003 በፓሪስ በወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ በ14ኛው ክፍል ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ይህን በማድረጉ ምስጋና ይገባዋል። አንዳንዶች «ሀብታችንን ወሰዱብን» እያሉ ያጕረመርማሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ እነዚያ ሸክላዎች በየቤታችን አቧራ ለብሰው፣ ተሰብረው፣ ለሕፃናት መጫወቻ ሆነው ሳለ ማን አነሣቸው? ባለቤት ያልጠራው ከብት እንግዳ ቢጠራው ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። ሊያሳፍረን የሚገባው እነርሱ ማድረጋቸው ሳይሆን እኛ አለማድረጋችን ነው።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባና የአውሮፓ ወሬ ብቻ እንዳይመስል የዚህን ክርክር ዋጋ ማን እንደሚከፍል ላሳይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባህል ውድድር ላይ ተገኝቼ ነበር፤ የውድድሩን ስም መጥራት አስፈላጊ አይደለም። አንድ ወጣት አሮጌ ሳክስፎን ይዞ ቀረበ። አያቱ አዝማሪ እንደ ነበሩ ተናገረና ሽለላ ተጫወተ። ጨዋታው ጕድለት አልነበረውም አልልም፤ ትንፋሹ አጠረው፣ መጨረሻውም ተቻኰለ። ሽማግሌዎች ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አንዲት እናት እልል አለች። ዳኞቹ ስለ ትንፋሹም ስለ ዜማውም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «ይህ መሣሪያ በባህል ዘርፍ አይመዘንም» ብለው አሰናበቱት። ከእርሱ በኋላ የቀረበው ሌላ ተወዳዳሪ የሐር ጥለት ያለው ልብስ ለብሶ፣ ማሲንቆ ታቅፎ፣ በቴፕ የተቀዳ ሙዚቃ ላይ አፉን አንቀሳቀሰ፤ ተሸለመም። ልብሱ የባህል ነበር፤ ማሲንቆውም የባህል ነበር፤ ያልነበረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ያን ወጣት ከዚያ ወዲህ በመድረክ ላይ አላየሁትም።

ዘበኞች ሆይ፣ የጠበቃችሁት ምንድን ነው? ማሲንቆውን በግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ጆሮውን ደፈናችሁት። በሠርግ ቤቶቻችን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አዝማሪውን ከደጃፍ ሲያባርረው ዝም አላችሁ፤ የአዝማሪው የልጅ ልጅ አያቱን በነሐስ ሲጠራ ግን ተቈጣችሁ። ኪቦርዱ የገባው በሠርግ ስም ነውና አልታያችሁም፤ ሳክስፎኑ የመጣው በሽለላ ስም ነውና ደነገጣችሁ። እውነተኛው አደጋ ግን መሣሪያው አይደለም፤ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ማጣት ነው። ዜማው ካለ ከነሐስም ከእንጨትም ይወጣል፤ ዜማው ከጠፋ ግን ሺህ ማሲንቆ ቢሰለፍ ከፈረስ ጭራና ከቍርበት አይበልጥም።

ነቅፎ ብቻ መሄድ ቀላል ነውና የሚሠራውንም ልናገር። በመጀመሪያ ደረጃ የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእስቴ፣ የስማዳ፣ የእብናት፣ የፎገራና የደራ አዝማሪዎችና ፎካሪዎች ድምፃቸው ከነግጥማቸው፣ ከነስማቸው፣ ከተቀዳበት ቦታና ቀን ጋር ይመዝገብ። ለዚህ ሥራ ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። የሚያስፈልገው ቅንነትና ሥርዐት ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በደጃፉ ያለውን ይህን ሀብት ከሌሎች ቀድሞ ሊሰበስበው ይገባል። የሽማግሌ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ በውድድሮቻችን ላይ ዳኛው የሚመዝነው መሣሪያውንና ልብሱን ሳይሆን ቅኝቱን፣ ስልቱንና ችሎታውን ይሁን። ሽለላ ያለ ጕድለት የሚያወርድ ሰው በእንቢልታም ቢያወርደው፣ በክላርኔትም ቢያወርደው ሽላይ ነው። በቴፕ ላይ አፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን ካባ ቢደርብ ተመልካች እንጂ ተጫዋች አይደለም።

ሦስተኛውን ነገር የምናገረው በመንግሥት ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነው። የቅጥር ደንብ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ደንቡም ለብዙ ሥራ ተገቢ ነው። ነገር ግን 40 ዓመት ማሲንቆ የመታ ሰው ወረቀት የለውምና በትምህርት ቤት መምህር ሊሆን አይችልም ማለት በወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚሸጥ ነጋዴ መጠበቅ ነው። ሊቃውንት ለሊቃውንት የሚመሰክሩበት ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ በአገራችን አለ፤ ቤተ ልሔም ስለ ድጓ የሚመሰክረው ማኅተም ከየትም ተውሶ አይደለም። እንዲሁ አዝማሪዎች ስለ አዝማሪ የሚመሰክሩበት መንገድ ተበጅቶ ለልጆቻችን ቢያስተምሩ፣ ደመወዝም ቢቈረጥላቸው፣ «አዝማሪ» የሚለው ስም ስድብ መሆኑ ይቀራል። ከእነርሱ እግር ሥር የተነሣ ልጅ ከዚያ በኋላ ሳክስፎን ቢይዝ አንፈራለትም፤ የሚናገረውን ያውቃልና።

«ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም ያላዳመጠ ሰው ፈልጎ ያዳምጠው፤ ያዳመጠውም ደግሞ ያዳምጠው። ቢወደድ መልካም ነው፤ ባይወደድም ነውር የለበትም፤ ጆሮ በግድ አይገዛም። ነገር ግን የሚነቅፈው ሰው ዜማውን ሰምቶ ይንቀፍ፤ የሚያመሰግነውም የገዛ አገሩን ድምፅ በውስጡ ለይቶ ያመስግን። አንድ ሽማግሌ በ70 ዓመታቸው የወጣትነታቸውን ዜማ ከሣጥን አውጥተው በአደባባይ ካቆሙት፣ በ20 እና በ30 ዓመት ላይ ያለን ሰዎች ሣጥኑን መልሰን ለመቈለፍ መሽቀዳደማችን አያምርብንም። ዘር በጎተራ የሚቀመጠው ሊዘራ ነው። የዘርን እህል ቈልፎ «ጠበቅሁት» የሚል ገበሬ በዓመቱ የሚከፍተው ጎተራ ነቀዝ የበላው ነው።